በወር 1,200 ብር አለኝ፤ ለማን ልስጥ?

ባለወፍጮዋ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል አንዲት የእህል ወፍጮ አለችኝ። ከመብራት ክፍያ፣ ከሠራተኛዬ ደመወዝ፣ ከልጆች ትምህርት ቤትና ከቤት አስቤዛ የተረፈችውን 1,200 ብር በየወሩ ለተቸገረ ሰው ብዬ ለይቼ አስቀምጣለሁ። አሥራት አይደለም፤ አሥራቱን ለብቻው እከፍላለሁ። ይህችኛዋን ለማን እንደምሰጥ የምወስነው እኔው ነኝ፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው።

ወር በገባ ሳምንት ሳይሞላው ገንዘቡ ያልቃል። 50 ብር ለሥላሴ ደጃፍ ነዳያን። 200 ብር ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ትኬት፤ ትኬት ሻጩ የንስሐ አባቴን አስከትሎ ሲመጣ እምቢ ብሎ መመለስን ማን ችሎ! 100 ብር በቴሌግራም ፎቶግራፉ ለተላከልኝ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ 100 ብር ለመቄዶንያ፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ደግሞ በስልክ መልእክት ጥቂት። የቀረው የአጎቴ ልጅ ደብተር አለቀበት፣ ጫማው ተቀደደ እየተባለ ወደ ሞላሌ ይሄዳል።

አንዱንም ክፉ ነው ልል አልደፍርም። ነገር ግን ነጋዴ ነኝ። አንድ ኩንታል ገብስ ስገዛ የጆንያውን አፍ ፈትቼ፣ እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ከሥር ያለውን ዘግኜ አያለሁ፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ያማረ ነውና። በበጎ አድራጎት ጊዜ ግን ሁላችንም ከላይ ያለውን ብቻ አይተን ነው የምንከፍለው።

ባለቤቴ “ለመስጠት መመራመር ጽድቁን ያሳንሰዋል፤ ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ ነው የተባለው” ይለኛል። ግራ እጄ አትወቅ ተባለ እንጂ እኔ ራሴ አልወቅ አልተባለም ብዬ እመልስለታለሁ። ክርክሩ አላለቀም።

ታዲያ ይህችን ገንዘብ ለብዙው ልበትናት ወይስ ለአንዱ ላጠራቅማት? ለትልቅ ድርጅት ልስጥ ወይስ በዓይኔ ለማየው ሰው? ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ድርጅት የሰጡትን ገንዘብ በአግባቡ እንደሚያውለው እኔን የመሰለች ባለወፍጮ በምን ታውቃለች? “እግዚአብሔር ለሚያሳይሽ ስጪ” የሚል መልስ ላዘጋጃችሁ ከወዲሁ አመሰግናለሁ፤ እርሱን እናቴም ነግራኛለች።


ጡረተኛው ኦዲተር፣ ደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ። ጆንያውን ከሥር መዝገኑን ወድጄዋለሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የድርጅቶችን ሒሳብ ከሥር ስዘግን ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንቱ ለደመወዝና ለመኪና ይሄዳል?” ብሎ ነው። ለዚህ ሕግ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621 እስከ 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን አስተዳደር የሚባለውን ከልክ በላይ አስፍቶ ይተረጉም ስለነበር በመስክ ላይ ያለው ሥራ ሳይቀር እንደ ቢሮ ወጪ ይቆጠር ነበር። አሁን የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውኃ፣ ማስታወቂያ፣ የኦዲት ክፍያና የመሳሰለው ነው በአስተዳደር የሚያዘው። በሽተኛ የምታክም ነርስ ደመወዝ እዚያ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ይህን ያልሁሽ ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ እንዳትፈርጂ ነው። “እኛ መኪና እንኳ የለንም፣ ሁሉም ለድሃው ነው” እያለ የሚመካ ድርጅት መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ሲያልፍበት አይቻለሁ፤ የሚያደርስበት መኪና አልነበረውማ! አነስተኛ ወጪ ንጽሕናን ሊያሳይ ይችላል፤ ሥራ አለመሥራትንም እንዲሁ።

ምን ትጠይቂ? ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባሉ። ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለምና ቅጂውን ጠይቂያቸው። መጀመሪያ የኦዲተሩን አስተያየት ተመልከቺ፤ “ነቀፌታ የሌለበት” ይላል ወይስ “ከሚከተሉት በስተቀር” ብሎ ይጀምራል? ከበስተቀር በኋላ ያለውን ደግመሽ አንብቢው። ቀጥለሽ ካለፈው ዓመት ሳይሠራበት የዞረውን ገንዘብ እዪ። ባንክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አስተኝቶ “ሕፃናት እየተራቡ ነው” እያለ የሚለምን ካለ ምክንያቱን ይንገርሽ፤ አንዳንዴ በቂ ምክንያት አለው። ሪፖርቱን ስትጠይቂ የሚቆጣ ካለ መልሱን ያኔውኑ አግኝተሻል።

ቤተ ክርስቲያን፣ እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ ሥር አይደሉም። እድር ግን አባሉ ሁሉ ኦዲተር ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቢጎድል ጉባኤ ይጠራል።

የቴሌግራሙን ሕመምተኛ በተመለከተ ከሆስፒታል የተሰጠ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ መኖሩን፣ የባንክ ሒሳቡ በስንት ሰው ፊርማ እንደሚንቀሳቀስና ሕክምናው የት እንደሆነ አጣሪ። ሦስቱም ካልተሟሉ አልፈሽው ሂጂ፤ ልብሽ ቢያዝንም።

ስለ መበተኑ ጠይቀሻል። ለ1,200 ብር ከሁለት ቦታ በላይ ይበዛል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ለተሸካሚው ነው። አንድ ጊዜ 100 ብር የሰጠ ሰው ገንዘቤ የት ደረሰ ቢል የሚሰማው የለም፤ በየወሩ ሳያቋርጥ 600 ብር የሚሰጥ ሰው ግን ስሙ ይታወቃል፣ ሲጠይቅም ይመለስለታል። ድርጅቱም የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚገባለት አውቆ ያቅዳል።


የአንኮበር ልጅ፣ ከሜሪላንድ

ጋሼ ስለ ሒሳቡ ያሉት ትክክል ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ግን ገንዘቡ አለመሰረቁን እንጂ ሰው መጥቀሙን አያሳይም። ለማያነቡ ልጆች መጽሐፍ ገዝቶ ያደለ ድርጅትም ደረሰኙ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

እዚህ አሜሪካ ጊቭዌል የሚባል ተቋም አለ። በፈረንጆች 2007 የመሠረቱት ሁለት የኢንቨስትመንት ኩባንያ ባልደረቦች ናቸው። ለመለገስ ፈልገው ድርጅቶችን “ገንዘባችን ምን ይሠራል?” ቢሏቸው የሚያረካ መልስ አጡና ሥራቸውን ትተው ራሳቸው መመርመር ያዙ። ከመረመሩት ሁሉ የሚመርጡት ጥቂቱን ነው፤ የወባ አጎበር የሚያድል፣ በዝናብ ወራት ለሕፃናት የወባ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ቫይታሚን ኤ የሚያዳርስ፣ በሰሜን ናይጄሪያ ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስከትቡ ጥቂት ገንዘብ የሚሰጥ። በእነርሱ ስሌት በእነዚህ መንገዶች አንድ ሕይወት ለማትረፍ ጥቂት ሺህ ዶላር ይበቃል። እዚህ አገር ሆስፒታል ውስጥ ያ ገንዘብ ለአንድ ቀን አልጋ ላይበቃ ይችላል።

በደጉና በተሻለው መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ብቻ አይደለም፤ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ ልብሽን ለነካው ሳይሆን በአንድ ብር ብዙ ለሚሠራው ስጪ።


ባለወፍጮዋ

ወንድሜ፣ ስለ አጎበሩ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የምኖረው 2,800 ሜትር ላይ፣ በብርድ ልብሷ በምትታወቅ ከተማ ነው፤ እዚህ ትንኟም ብትመጣ ትሞታለች። ወባ ያለው ከጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ነው፤ እዚያም ቢሆን አጎበሩ እንደ ግሎባል ፈንድ ባሉ ትልልቅ ለጋሾች ገንዘብ እየተገዛ በነፃ ይታደላል። ብሬ ዶላር ሆኖ ሜሪላንድ እንዲደርስ ባንክ ቤት ሄጄ ብጠይቅ ደግሞ ሳቅ እንጂ ዶላር አይሰጡኝም። አንተ እዚያው ስጥ፤ ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር አንዳንዷን ወደዚህም ብትልካት አይከፋንም።

ጥያቄህን ግን ወስጃታለሁ። አንድ ብር ምን ሠራች? እዚህ፣ በእኔ እጅ ርቀት ውስጥ?


የእድር ዳኛ፣ ደብረ ሲና

እድር ሰው ሲሞት ነው የሚደርሰው። የእኛ ለታመመ አባልም እንዲከፍል ጉባኤ ወስኖ ለድንኳን የተቀመጠውን ገንዘብ አዛውረናል። የራስሽን እድር ጠይቀሽዋል?


ባለወፍጮዋ

የእኛ ገና ድንኳኑን እየገዛ ነው።


ነርስ ነኝ፣ መንዝ

እትዬ፣ በመሐል ሜዳ በኩል በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የአንኮበሩ ወንድማችን የጠየቀውን በእኛ ሥራ ላስረዳዎት።

ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው በሽታ፣ አማራ ክልልን ክፉኛ ያጠቃ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያበጅና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቅንድቡ አይደለም፣ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን እየፋቀ ውሎ ያድራል። ሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነርሱ ናቸውና። እዚህ ደጋ ላይ አንዳንድ እናት ከማተቧ ጋር ወረንጦ አንጠልጥላ ትመጣለች። ያችን ወረንጦ ካየሁ ምርመራው አለቀ ማለት ነው። ለዓመታት በእርሷ ፀጉሩን እየነቀለች ኖራለች፤ የተነቀለው ደግሞ አጥሮና ጠንክሮ ነው የሚበቅል፤ ይብስ ይወጋል።

መድኃኒቱን፣ አዚትሮማይሲንን፣ ፋይዘር ከጎርጎርዮሳዊው 1998 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ካርተር ማዕከል የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅትም ከጎርጎርዮሳዊው 2001 ጀምሮ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ይሠራል። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናውን የሠለጠነ ነርስ እዚሁ ጤና ጣቢያ ይሠራዋል፤ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ፣ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ታካሚዋ አትከፍልም። ስለዚህ እርስዎ ለመድኃኒት ብለው ቢልኩ ብርዎ ምንም አይጨምርም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የማትመጣ ሴት ግን አለች። ገደል ሥር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ የመኪና ዋጋ የሌላት፣ ዓይኗ ታሽጎ ስትመለስ እጇን ይዞ የሚያወርዳት የሌላት፣ ላሟን የሚያስርላት የሌላት። ለጤና ጣቢያው በጀት የሚያወጣ ሰው ይህን “የትራንስፖርትና የአጃቢ” የሚል መስመር አያስገባውም። ቀዶ ሕክምናው ትልቅ ገንዘብ ወጥቶበት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ በመኪና ዋጋ ምክንያት ሴትየዋ ትቀራለች። እኔና ባልደረቦቼ ከኪሳችን የምንችለውን እናደርጋለን፤ አንዘልቀውም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑን ያውቁታል፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ነው። መክፈል የማይችለው እጅግ ደሃ ተለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል። የሚጎዳው ከእርሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ነው፤ “ደሃ” ተብሎ ላለመመዝገብ አንድ በሬ ይበቃዋል፣ መዋጮውን ለመክፈል ግን በሬውን መሸጥ አለበት። የእንደዚህ ያለውን ቤተሰብ የዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው አንድ ቤት ሙሉ ያሳክማል። ይህንንም ያስቡበት።


ከመጠለያ

ተቀባዩስ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ስለሌለ እኔ ልናገር። ከወለጋ ተፈናቅለን መጥተን እዚሁ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነው የምንኖረው።

በበዓል ሰሞን ሁሉም ይመጣል። ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ድፎ ዳቦው ይተርፋል፤ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ድንኳን ሲገባ፣ ማንም የለም። አንድ ድርጅት መጥቶ ዘይት ከማደሉ በፊት በባነሩ ፊት አሰልፎ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ፎቶግራፉ ለሁላችንም ደረሰ፣ ዘይቱ ለግማሻችን። ስማቸውን አልጠራም፤ እነርሱ ብቻ አይደሉምና። ልብስም ይመጣል። ባለቤቴ ተረከዙ የረዘመ የሠርግ ጫማ ደርሷታል፤ ሰጪዋን እግዚአብሔር ይስጣት፣ የሰጠችው ያላትን ነው።

የሚታደለን ስንዴ ነው፤ ጥሬ ስንዴ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይባላል፤ ወሩ ራሱ ይለጠጣል። ከዚያ ላይ ቀንሰን ለወፍጮ እንሰጣለን፤ ቀንሰን ኩበት እንገዛለን፤ ቀንሰን ጨውና በርበሬ። እቤት የሚገባው ከዚህ የተረፈው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ንፍሮ የሚበላው፤ ንፍሮ ወፍጮ አይጠይቅም። ለሕፃን ልጅ ግን ንፍሮ አይሆንም፤ ሆዱን ይነፋዋል።

ማንም ሰው “ስንዴውን የሚያስፈጩበት አላቸው ወይ?” ብሎ ጠይቆን አያውቅም። እኅቴ ባለወፍጮ ነሽና አንቺ ሳትጠየቂ ታውቂዋለሽ።


ባለወፍጮዋ

አውቀዋለሁ ወንድሜ። የእርዳታ ማኅተም ባለበት ጆንያ ተሸክመው ይመጣሉ። የፍጭቱን ዋጋ ከስንዴው ላይ በጣሳ ሰፍረው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ከጣሳው አፍ በላይ የተቆለለችውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ወደ ጆንያቸው ይመልሷታል። የከተማው ሰው ቁልሉን ትቶት ይሄዳል፤ እነርሱ አይተዉትም።

ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ። ገበያ በማይቆምበት ቀን ጠዋት ወፍጮዬ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። ያን ጠዋት የራሽን ካርድ ይዞ የመጣ ሰው እስከ 15 ኪሎ ድረስ ያለ ክፍያ ይፈጭ፤ ከ1,200 ብሩ 700ውን ለዚያ ልመድበው። 500 ብሩ ወደ መንዝ፣ ለመኪናና ለአጃቢ። ጋሼ፣ ሁለት ቦታ ብለውኛልና ሁለት ነው።


ጡረተኛው ኦዲተር

እኅቴ፣ ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ ልረብሽሽ። 700 ብሩ ከምጽዋት ሣጥንሽ ወጥቶ የሚገባው ወደ ራስሽ ካዝና ነው። ሰጪዋም አንቺ፣ ሻጭዋም አንቺ። እንዲህ ያለ ነገር በድርጅት መዝገብ ላይ ባገኘው ቀይ አሰምርበት ነበር።

ሁለተኛ፣ ወሬው በሳምንት ውስጥ መጠለያውን ያዳርሳል። አንዱ ጠዋት አይበቃም፤ ያልደረሰው ሰው ደግሞ የሚያኮርፈው ሰጪዋን ነው። ከመጠለያው ኮሚቴ ጋር ተነጋግረሽ ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚመጣ እነርሱ ይመድቡ፤ ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ይቅደሙ።


ባለወፍጮዋ

ጋሼ፣ ቀዩን መስመር ተቀብያለሁ። ትርፍ የሚባል ነገር አልቆጥርም። ጠዋት ሲጀመር ቆጣሪውን አነባለሁ፣ ሲያልቅም አነባለሁ፤ የመብራቱን ልዩነትና የሠራተኛዬን የግማሽ ቀን አበል ብቻ ከ700 ብሩ ላይ አነሣለሁ። የቀረ ካለ ለሚቀጥለው ሳምንት ይዞራል። ደብተሩን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው። ስለ ኮሚቴው ልክ ነዎት፤ ነገ አንዲት የማውቃትን እናት ይዤ እሄዳለሁ።

የሥላሴ ደጃፍ ነዳያንን ትታ ልትሄድ ነው እንዳትሉኝ። ያ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ ከአስቤዛዬ ቀንሼ እሰጣለሁ፣ ሰው ዓይን ለዓይን እያየኝ ምን እንደሚሠራበት አልጠይቅም። የሕንፃው ትኬት ከአሥራቱ ይሁን፤ ለንስሐ አባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሞላሌው ልጅ ዘመድ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም፤ እስካሁንም ከዚህ ገንዘብ መውጣት አልነበረበትም። በመቄዶንያ ላይ ልቤ አልቆረጠም። አገር ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ሰጪ አያጣም እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ሁሉም እንደ እኔ ቢያስብስ እላለሁ። እስከ አዲሱ ዓመት ላስብበት።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አንብቦ “ታዲያ ግራሽ አወቀች” ብሏል።

የመንዙ ነርስ፣ የውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ፤ ተመልከትልኝ። ታካሚዋ ከየት ቀበሌ እንደመጣች፣ የመኪናው ዋጋ ስንት እንደሆነና ማን እንዳጀባት የሚጻፍበት፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ የሚፈርምበት ወረቀት ይኖር ይሆን? ስሟን አልፈልግም። ወረቀት ከሌለ ግን ጋሼ አያስተኙኝም።